የጤና መድኅን ሒሳብ እንደ እድር ሒሳብ በአደባባይ ይነበብ

ርዕሰ አንቀጽ

የተከበራችሁ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔ፣ የሺንሺቾ፣ የአንጋጫ፣ የዶዮገና፣ የሀደሮ፣ የጊምቢቹና የሌሎችም ከተሞቻችን መራጮች!

ይህ ማኒፌስቶ በሚቀጥሉት ገጾቹ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መንገድ የያዝነውን አቋም ያቀርባል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ግን አንድ ጉዳይ ብቻ ነጥለን እናነሳለን። እርሱም በየቤታችሁ በጥንቃቄ የተቀመጠው የጤና መድኅን ደብተር ነው። ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት ለዜጋው ብዙ ተስፋ ይሰጣል፤ አብዛኛው ተስፋ ግን ደረሰኝ የለውም። የጤና መድኅን ግን ዜጋው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ የገዛው ተስፋ ነው። በመሆኑም ቃሉ ሲታጠፍ የሚታጠፈው የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ሳይሆን ከሕዝብ ጋር የተገባ ውል ነው።

መድኅን ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው አባባል ሐሳቡን ጠቅልሎ ይዞታል። የሀዲያና የከምባታ ሰው በእድሩ ሟቹን ሲቀብር፣ ሐዘንተኛውን ሲያጽናና፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ለሕክምና ሲያደርስ የኖረ ነው። እድር ጸንቶ የኖረበት ምሥጢርም ግልጽ ነው። ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ነው፤ ሒሳቡም በአባላት ጉባኤ ፊት ይነበባል። ማንም አባል ተነሥቶ “ይህ ወጪ ለምን ሆነ?” ብሎ ይጠይቃል። ገንዘብ ያዡም መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ መልክ ነበር። ከእነዚያ አንዷ የእኛው ዳምቦያ ናት። ስለዚህ የከምባታ ሕዝብ ይህን ሥርዓት ከሌላ አካባቢ የሰማ ሳይሆን ከመነሻው ጀምሮ የሞከረ፣ በገንዘቡም ያቆመ ሕዝብ ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክልል አንድ ቤተሰብ የሚያዋጣው በወር 10 ብር ከ50 ሣንቲም ነበር። ዛሬ መዋጮው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ሥርዓቱም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1 ሺህ በላይ ወደሆኑ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የሙከራው ዘመን ግምገማ አባላት ከአባል ካልሆኑት ይልቅ በሕመማቸው ጊዜ ወደ ጤና ተቋም እንደሚሄዱ አሳይቷል። ይህ መልካም ውጤት ነው። ፓርቲያችን መልካሙን ነገር ገዢው ፓርቲ ስለሠራው ብቻ አያጣጥልም። መድኅኑ ይፍረስ የሚል አቋምም የለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ መድኅኑ ለገዛው ሰው ይሥራ!

ነገሩ የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ ለማየት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። መዋጮው ከየቀበሌው ተሰብስቦ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማ አስተዳደሩ የመድኅን ሒሳብ ይገባል። ጤና ጣቢያው አባሉን ገንዘብ ሳይቀበል ያክመዋል። ከዚያም የሰጠውን ምርመራና መድኃኒት ከነዋጋው መዝግቦ ለመድኅኑ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። የመድኅኑ ሠራተኞች የክፍያ ጥያቄውን ይመረምራሉ። ታካሚው አባል ነውን? ደብተሩ ታድሷልን? የታዘዘው መድኃኒት ከተጻፈው በሽታ ጋር ይስማማልን? ዋጋውስ ከተፈቀደው ተመን ጋር ይገናኛልን? ይህ ምርመራ ኦዲት ይባላል። ኦዲቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ለጤና ጣቢያው ይከፈላል፤ ጤና ጣቢያውም በዚያ ገንዘብ እንደገና መድኃኒት ይገዛል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ኦዲቱ በዘገየ ቁጥር ክፍያው ይዘገያል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ማዘዣው ላይ “ከውጭ ይገዛ” ተብሎ ይጻፋል። በሺንሺቾ ገበያ በችርቻሮ የምትተዳደር አንዲት እናት ልጇ ሳንባ ምች ቢይዘው ምን እንደሚገጥማት እናስብ። ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። ካርድ ክፍል ወረፋ ትጠብቃለች። ሐኪሙ ልጁን አይቶ መድኃኒት ያዝለታል። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ግን “የለም” ይላታል። ከዚያ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዳ በጥሬ ገንዘብ ትገዛለች። ይህች እናት ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለች፤ አንድ ጊዜ ለመድኅኑ፣ አንድ ጊዜ ለመድኃኒት ቤቱ። ገንዘብ ካጣች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላለ ወንድሟ ወይም ለአጎቷ ልጅ ስልክ ትደውላለች። የብዙ ቤተሰቦቻችን እውነተኛ የጤና መድኅን ዛሬም በጆሃንስበርግ ሱቅ በር ላይ ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቶ የሚሠራው ወጣት ነው። መንግሥት ይህን ሸክም ከዚያ ልጅ ጫንቃ ላይ አወርዳለሁ ብሎ ነበር መዋጮውን የሰበሰበው።

በዚህ ላይ አንድ ሐቅ ሳንሸሽግ እንናገር። ኦዲት አስፈላጊ ነው። ያልታከመን ሰው እንደታከመ አድርጎ የሚመዘግብ፣ የማያስፈልግ መድኃኒት የሚያበዛ፣ ዋጋ የሚቆልል ተቋም ሊኖር ይችላል። በተሰጠው አገልግሎት ብዛት የሚከፈልበት ማናቸውም ሥርዓት ወደዚህ ይገፋፋል። ኦዲት ይቅር የሚል ሰው የአባላቱ መዋጮ ይበተን እንደማለት ነው። ችግሩ ኦዲት መኖሩ ላይ አይደለም፤ ኦዲተሩ የማን ነው የሚለው ላይ ነው።

የወረዳውን መድኅን የሚመራው ቦርድ ሰብሳቢ የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። የጤና ጣቢያው የበላይ የሆነው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ለዚያው አስተዳዳሪ ተጠሪ ነው። እንግዲያው ገንዘብ ከፋዩም፣ አገልግሎት ሰጪውም፣ መርማሪውም ከአንድ ወንበር ትእዛዝ ይቀበላሉ። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለው መርሕ የሕግ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነው። እድሮቻችንም ይህን መርሕ ሕግ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። በአንድ ወንበር ሥር ያለ ኦዲት ከሁለት አንዱን ይሆናል። ሒሳቡ ሲጎድል የክፍያ ማዘግያ ይሆናል፤ ሒሳቡ ሲተርፍ ደግሞ የጥፋት መሸፈኛ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው አባሉ ነው።

ጉዳዩ ከጤና ጣቢያ አልፎ ወደ ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ይወሳሰባል። በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ የዱራሜ ሆስፒታል ከአንድ ወረዳ ብቻ የሚመጣ ሕመምተኛ አያክሙም። ከብዙ ወረዳዎች ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ ይመጣባቸዋል። የመድኅኑ ገንዘብ በወረዳ ደረጃ እስከተያዘ ድረስ አንድ ሆስፒታል ለእያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻ የክፍያ ጥያቄ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱም ወረዳ በየራሱ ልማድ ይመረምራል። አንዱ የሚቀበለውን ወረቀት ሌላው ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ የሚገኝ ተቋም ሦስት ነገሮችን ለማድረግ ይገደዳል። ሕመምተኛ ማየት የነበረበትን ባለሙያ ወረቀት እንዲያስተካክል ያስቀምጠዋል። ለታማሚው ከሚበጀው ይልቅ ከኦዲት የሚያልፈውን ማዘዣ መጻፍ ይጀምራል። በመጨረሻም ደብተር ከያዘው አባል ይልቅ ጥሬ ገንዘብ የያዘውን ታካሚ ይመርጣል። ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ መድኅን የገዛ ሰው መድኅን በመግዛቱ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይገፋልና።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጋና ብሔራዊ የጤና መድኅኗን በ2003 እ.ኤ.አ. በሕግ አቋቁማ በአፍሪካ አርአያ ተብላ ነበር። ኋላ ግን ለሕክምና ተቋማት የሚከፈለው ገንዘብ ለወራት ሲዘገይ ተቋማቱ ካርድ ከያዙ አባላት ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። በዚህም ሕዝቡ በመድኅኑ ላይ የነበረው እምነት ተሸረሸረ። ሩዋንዳ በበኩሏ የማኅበረሰብ መድኅኗን በ2015 እ.ኤ.አ. ከጤና ሚኒስቴር አውጥታ ለማኅበራዊ ዋስትና ቦርዷ አስረክባለች። ይህም ማለት አካሚውና ከፋዩ በተለያየ ቤት ተቀመጡ ማለት ነው። ከሌላው ስሕተትም ከሌላው ብልሃትም መማር አስተዋይነት ነው።

አሁን ወደ ማበረታቻው እንምጣ። ማበረታቻ ማለት በአጭሩ መንግሥት ሠራተኛውን በምን መለኪያ ያመሰግነዋል፣ በምንስ ይወቅሰዋል ማለት ነው። ዛሬ በየቀበሌው የሚቆጠረው የአባላት ቁጥር ነው። ስንት አባወራ ተመዘገበ? ስንቱ አደሰ? ዕቅዱ በመቶ ስንት ተፈጸመ? ይህ ቁጥር በግምገማ መድረክ ላይ የሚያስጨበጭብ ወይም የሚያስወቅስ ስለሆነ የቀበሌ አመራሩና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጉልበታቸውን በምዝገባው ላይ ያውላሉ። ሲጀመር በፈቃደኝነት የተባለው አባልነት በአንዳንድ ቦታ ሌላ የመንግሥት አገልግሎት ለማግኘት የመድኅን ደረሰኝ እስከ መጠየቅ ደረሰ የሚል አቤቱታ ይሰማል። የተመዘገበው ሰው መድኃኒት አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለውን ግን ማን ይቆጥራል? የማይቆጠር ነገር አይሻሻልም።

የጤና ባለሙያው ራሱስ? በሀዲያ ዞን ባለፉት ዓመታት የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በመገናኛ ብዙኃን ደጋግሞ የተዘገበ ሐቅ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ የሚገኙ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ኑሯችንን አይሸፍንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። መንግሥትም ከጥያቄ አቅራቢዎቹ መካከል በርካቶችን አሰረ። ደመወዙን በወቅቱ ላልከፈሉት ባለሙያ የማበረታቻ ሰርተፊኬት ማደል ቀልድ ይሆናል። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ያለው የግል ክንፍ ሐኪሙን በመንግሥት ሆስፒታል ለማቆየት የታሰበ ነበር። ቁጥጥሩ ሲላላ ግን የሐኪሙን ሰዓት ከደብተር ያዡ ወደ ከፋዩ ታካሚ ሊወስደው ይችላል። ማበረታቻ እንደ ውኃ ነው፤ ቦዩን ወደ ቆፈርክበት ይፈስሳል።

ሩዋንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተከተለችው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ለጤና ጣቢያዎች ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጠው በሰጡት አገልግሎት መጠንና በየሩብ ዓመቱ በሚመዘነው ጥራት ነበር። ገንዘቡም ለተቋሙ ስለሚሰጥ አንዱን ሠራተኛ ከሌላው አያቃቅርም። ይህን እንዳለ እንቅዳ አንልም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ መለኪያው ታካሚው ያገኘው አገልግሎት ይሁን።

በሕግ ረገድ ይህን ለመጠየቅ አዲስ መብት መፍጠር አያስፈልገንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ በመድኅኑና በጤና ተቋሙ መካከል ያለውም ውል ከዚህ ውጪ ሊሆን አይገባም። የፌዴራል መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በምክንያት አስደግፈው በጽሑፍ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የምንገኝበት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ይህንኑ መርሕ በመድኅኑ ኦዲት ላይ ከመተግበር የሚያግደው ነገር የለም።

ስለሆነም ፓርቲያችን በወረዳ፣ በከተማና በክልል ምክር ቤቶች ድምፃችሁን ካገኘ የሚከተሉትን ለመፈጸም ይታገላል፦

አንደኛ፣ የመድኅኑ ኦዲት ከወረዳ አስተዳደሩ ተነጥሎ ተጠሪነቱ ለምክር ቤት በሆነ አካል ይከናወናል። የሕክምናው ምርመራ በሕክምና ባለሙያ፣ የገንዘቡ ምርመራ በሒሳብ ባለሙያ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የክፍያ ጥያቄ በቀረበ በ30 ቀናት ውስጥ ይወሰናል። ቅናሽ የሚደረግ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ለተቋሙ ይሰጠዋል፤ ተቋሙም ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይኖረዋል። ክርክር የሌለበት ገንዘብ ክርክር ያለበት እስኪወሰን ታግቶ አይቆይም።

ሦስተኛ፣ የወረቀት ስሕተትና ማጭበርበር ይለያያሉ። ቁጥር የተሳሳተበት ማዘዣ ይታረማል፤ የሐሰት ሕመምተኛ የመዘገበ ተቋም ኃላፊ በሕግ ይጠየቃል። በየትኛውም ሁኔታ ግን የተቋሙን ጥፋት አባሉ ከኪሱ አይከፍልም።

አራተኛ፣ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ሲጠፋ አባሉ በደብተሩ የሚያገኝባቸው መድኃኒት ቤቶች በውል ይያዛሉ። በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች ለመድኅን አባላት በዚህ መልክ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። በእኛም ከተሞች የቀይ መስቀልም ሆነ የግል መድኃኒት ቤቶች በታወቀ ተመንና በተመሳሳይ ኦዲት የማይሠሩበት ምክንያት የለም።

አምስተኛ፣ ማበረታቻ ለጠቅላላው ተቋም ይሰጣል፤ መለኪያውም ዋና ዋና መድኃኒቶች መኖራቸው፣ የወረፋው ርዝመትና የአባላቱ ምስክርነት ይሆናል። የአባላት ምዝገባ ቁጥር የሹመትም ሆነ የወቀሳ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። ከሁሉ በፊት ግን የባለሙያው ደመወዝ በወሩ ይከፈላል።

ስድስተኛ፣ የመድኅኑ ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በዓመት አንድ ጊዜም በከተማው ነዋሪ ጉባኤ ፊት በሀዲይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ ይነበባል። ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ዕዳ አለ፣ ስንት ሰው መድኃኒት አጥቶ ተመለሰ የሚለው ሁሉ ይነገራል።

“ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?” የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነትን ነው። ቀነ ገደብ ማክበር፣ ምክንያት መጻፍና ሒሳብ ማንበብ ትልቅ በጀት አያስፈልጋቸውም። ገንዘብ የሚጠይቀውን በተመለከተ ሁለት ነገር እንላለን። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ወገኖች ክልልና ወረዳ የሚሸፍኑት መዋጮ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ለመድኅኑ ገቢ መደረግ አለበት። በሙከራው ዘመን ከመዋጮው 25 በመቶ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ኋላ ወደ 10 በመቶ መውረዱም በተወካዮች ምክር ቤት እንደገና ሊመከርበት ይገባል። መዋጮ ከቶ አይጨምርም ብለን አንምልም፤ የመድኃኒት ዋጋ እንደናረ እናንተም እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ያለፈው ዓመት ሒሳብ በአደባባይ ሳይነበብ የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ መጠየቅ የለበትም። የትኛው እድር ነው ሒሳቡን ሳያሳይ መዋጮ የሚጨምረው?

የተከበራችሁ መራጮች!

ለምረጡኝ ዘመቻ ወደ ደጃችሁ የሚመጣውን ተወዳዳሪ ሁሉ፣ የእኛንም ፓርቲ ዕጩ ጨምራችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁት። የከተማችን መድኅን ለጤና ጣቢያው ስንት ዕዳ አለበት? የመጨረሻው ኦዲት ውጤት ምን ነበር፣ ማንስ አነበበው? ባለፈው ወር ስንት አባል “ከውጭ ግዙ” ተብሎ ተመለሰ? የሚመልስ ከተገኘ አድምጡት። “ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል” የሚል ከሆነ ደግሞ ደብተራችሁን አውጡና አሳዩት።

የሥልጣን ባለቤት ሕዝብ ነው። የመድኅኑም ባለቤት ሕዝብ ነው። ባለቤት ደግሞ ሒሳቡን ይጠይቃል። በምርጫው ቀን ድምፃችሁን ሒሳብ ለሚያነብላችሁ ስጡ!